የአባቴ ጉበት ሲነበብ

የአባቴን ዓይን ቢጫ መሆን ያየሁት በፋሲካ ዕለት፣ በሰው ሁሉ መሀል፣ ማንም እሳቸውን በማያይበት ሰዓት ነው። ሰው ሁሉ የሚያየው ሞራውን ነበር። በጉ ታርዶ ሆዱ ሲከፈት ያቺ አንጀቱን የምትሸፍነው፣ እንደ ነጠላ የሳሳች ስብ ወጥታ ለአባቴ ተሰጠች፤ እሳቸውም በሁለት እጃቸው ዘርግተው ወደ ፀሐይ አነሷት። በመንዝ ይህን የሚያደርግ ሰው ሞራ ገላጭ ይባላል። በስቡ ላይ ያሉትን ደም ሥሮችና ነጠብጣቦች አይቶ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ በጉ ባለቤት ይናገራል። አባቴ በሞላሌ ዙሪያ የታወቁ ሞራ ገላጭ ናቸው። የንስሐ አባታቸው በየዓመቱ ይቆጧቸዋል፤ አባቴም በየዓመቱ "ይፍቱኝ" ብለው ይመለሳሉ፤ በየዓመቱም ፋሲካ ይመጣል፣ በግ ይታረዳል።

"ዳግም ትንሣኤ ሳያልፍ ዝናብ አለ" አሉ አባቴ ሞራውን እያገላበጡ።

ጎረቤቶቹ "እሰይ!" አሉ። እኔ ግን ፀሐይዋ በሞራው አልፋ ፊታቸው ላይ ስታርፍ ስቡ ነጭ፣ የአባቴ ዓይን ደግሞ ቢጫ መሆኑን አየሁ። መሆን የነበረበት በተቃራኒው ነው።

"አባዬ፣ ዓይንዎ ምን ሆኗል?"

"ምን ሆነ?"

"ቢጫ ሆኗል።"

"የሁለት ወር ጾም ነዋ። ቅቤ ሲገባበት ይነጻል።"

"ቅቤ ራሱ ቢጫ ነው፤ እንዴት ሊያነጻው ይችላል?"

አባቴ ወደ ጎረቤታቸው ዞረው "አየህልኝ? ትምህርት ዘግይቶ ሲገባ እንዲህ ነው፤ መውጫው ይጠፋዋል" አሉ። ግቢው በሳቅ ተሞላ።

ዘግይቶ መግባቱስ እውነት ነው። አንደኛ ክፍል የገባሁት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ አብራኝ የተቀመጠችው ልጅ የወተት ጥርሷን ገና እየጣለች ነበር። ዛሬ ሞላሌ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነኝ። መጽሐፍ በቦታው ካልተመለሰ እንቅልፍ አይወስደኝም። ዘግይቶ የተማረ ሰው የሰማውን ቶሎ አያምንም፤ የተጻፈውን ግን አብዝቶ ያምናል፤ በተለይ ራሱ የጻፈውን። ይህን የምናገረው ከዚህ በኋላ ስለሆነው ነገር ሌላ ሰው ከመናገሩ በፊት ልቅደም ብዬ ነው።

በማግስቱ ለምኜም ተቆጥቼም አባቴን ወደ ቤቴ አመጣኋቸው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ሁለት ቀን ሳይሞላ የሆነውን ሁሉ አየሁ፤ ምግብ ይጠላሉ፣ ጀርባቸውን በበሩ መቃን ያክካሉ፣ ሽንታቸው ጥቁር ሻይ መስሏል። ደብተር ገዝቼ በማስመሪያ አራት ዓምድ አሰመርኩ፤ ቀን፣ የበሉት፣ የጠጡት፣ የሽንታቸው መልክ።

አባቴ አጠገቤ ቆመው አዩና "ያችን የመጨረሻዋን ለማን ልታስነብቢ ነው?" አሉኝ።

"ለሐኪም።"

"ምስኪን ሐኪም።"

ጤና ጣቢያ የመረመራቸው ወጣት ጤና መኮንን ጨዋ ልጅ ነው። አባቴን አስቀምጦ አንድ በአንድ ጠየቃቸው። መጠጥ? "ጠላ፣ በበዓል ብቻ" አልኩ እኔ። መርፌ ተወግተው ያውቃሉ? "በቅርቡ አልተወጉም" አልኩ እኔ። የባህል መድኃኒት ወስደዋል? "የለም" አልኩ እኔ። አባቴ ይህን ጊዜ የጣሪያውን ቆርቆሮ ሚስማር እየቆጠሩ ነበር። ልጁም "የለም" ብሎ ጻፈ፤ እኔም በደብተሬ "የለም" ብዬ ጻፍኩ።

ደም ተቀዳ። ጉበትን የሚያጠቁት ቫይረሶች አልተገኙም፤ ጉበት ሲጎዳ ወደ ደም የሚፈሱት ነገሮች ግን ከልክ በላይ ጨምረው ተገኙ። ሪፈር ተጻፈልንና አዲስ አበባ ገባን፤ ዘመድ ቤት አረፍን።

በሆስፒታሉ የተቀበለችን ሐኪም ከእኔ በዕድሜ ታንሳለች፤ ድምጿ ዝግ ያለ፣ እጇ ፈጣን። ጥያቄዎቹን ከሥር ጀምራ ጠየቀች። እኔም ደብተሬን ገልጬ ከሥር ጀምሬ መለስኩ። የባህል መድኃኒት ላይ ስትደርስ ዓይኗን ወደ አባቴ አነሳች። እኔ ግን ቀደም ብዬ "የለም ዶክተር፤ እኔው ነኝ የምከታተላቸው" አልኳት። እንዴት ያለች ልጅ አለቻቸው ብላ የምታደንቀኝ መስሎኝ ነበር።

መጀመሪያ አልትራሳውንድ ታዘዘ። አባቴ ተጋድመው ባለሙያዋ ሆዳቸው ላይ ቀዝቃዛ ቅባት ስታፈስባቸው ጊዜ ብድግ ሊሉ ነበር።

"ምኑን ነው የቀባሽኝ?"

"መሣሪያው እንዲንሸራተት ነው አባቴ። ድምፅ ወደ ውስጥ እንልካለን፤ ሲመለስ ስክሪኑ ላይ ሥዕል ይሆንልናል።"

አባቴ ስክሪኑን አዩ፤ ግራጫ ጉም ነው። ውጭ ስንወጣ "በቆዳ ላይ ሆኖ የሚያነብ አይቼ አላውቅም" አሉ። "በጉ ቆሞ ሳር እየጋጠ ሞራውን ያነበበ ማን አለ?"

ሐኪሟ ውጤቱን ይዛ ጠራችን። የሐሞት ጠጠር የለም፤ የሐሞት መውረጃው አልተዘጋም፤ እብጠት የሚመስል ነገር አልታየም። ጉበቱ ግን ተቆጥቷል፤ ለምን እንደተቆጣ አልታወቀም። "ከጉበቱ ትንሽ ወስደን ብናይ ይሻላል። ባዮፕሲ ይባላል" አለች። በቀኝ በኩል በጎድን አጥንቶች መሀል መርፌ ገብቶ እንደ ክር የቀጠነ ቁራጭ እንደሚያወጣ፣ ያ ቁራጭ ደግሞ በስሱ ተቆርጦና ቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ እንደሚታይ አስረዳችን። ስታስረዳ ድምጿን የበለጠ ዝግ አደረገች። ይህን የሰማ በሽተኛ ጋቢውን ሰብስቦ ወደ አገሩ ሲሄድ ስንቱን አይታ ይሆናል።

አባቴ ፊታቸው በራ። "አሁን ገና ሐኪም አገኘሁ!"

የፈራሁት እኔ ነኝ። የስምምነቱን ወረቀት ተቀብዬ ቃል በቃል አነበብኩላቸው፤ ሕመም ሊኖር ይችላል፣ ደም ሊፈስ ይችላል፣ አልፎ አልፎ ደግሞ መፍሰሱ ብርቱ ሊሆን ይችላል። "አልፎ አልፎ" የሚለው ላይ ቆሜ ሐኪሟን ስንት ጊዜ ማለት እንደሆነ ጠየቅኳት። አባቴ "ጣቴን የማሳርፍበትን አሳዪኝና ጨርሺ" አሉ። አሳረፉ። እኔም በምስክርነት ፈረምኩ። እዚህ ድረስ ጎትቼ ያመጣኋቸው እኔ ነኝ፤ መርፌው ደም ቢያስፈስስባቸው፣ ወይም ያ ክር ካንሰር ነው ቢል፣ ይዣቸው የምመለሰው ምን ብዬ ነው?

ከመርፌው በፊት ደማቸው ቶሎ የሚረጋ መሆኑ መታየት ስለነበረበት አንድ ቀን ቀድመው ተኙ። በጎን አልጋ ላይ የነበሩት ከቆላው በኩል የመጡ ሙስሊም ነጋዴ ናቸው። እሳቸውም ያንኑ መርፌ ይጠብቃሉ፤ ግን ሰዓቱ በቀረበ ቁጥር ይገረጣሉ።

"እርስዎ አይፈሩም?" አሏቸው አባቴን።

"ምን ያስፈራል? እኔ ስንት ዘመን የበግ ሆድ ሳነብ ኖሬ! ከውስጥ ወጥቶ ካልታየ ነገር አይታወቅም።"

"እኔ በግ አይደለሁማ!"

"ቢሆኑማ ሙሉውን ነበር የሚያወጡት። የሚወስዱት ክር የምታህል ነው፤ አይሰስቱ።"

ነጋዴው ሳቁና ትንሽ ቀለም ገባባቸው። ከዚያ ስለ ሞራው ንባብ ጠየቁ። አባቴም ትራሳቸውን አስተካክለው እንደ መምህር ተቀመጡ።

"ዋናው ደንብ" አሉ፣ "አንባቢው የቤቱ ነገር አይነገረውም። ከብት ጠፍቶባቸው እንደሆነ፣ ተጣልተው እንደሆነ፣ ማንም ትንፍሽ አይልም። ቀድሞ ከተነገረው ያነበበው ወሬውን እንጂ ሞራውን አይደለም። ጥሩ አንባቢ ሳይነገረው ይናገራል። ያልቻለ ይተወዋል።"

"እንግዲያ ለሐኪሟም ምንም አልነገሯትም?"

"የጠየቀችውን ሁሉ ልጄ መልሳላታለች" አሉ አባቴ። እኔም ኮራ ብዬ ደብተሬን ለነጋዴው አሳየሁ። አራተኛውን ዓምድ ሲያዩ ፊታቸውን አዞሩ።

በማግስቱ ጠዋት አባቴን ወሰዷቸው። እኔ በሩ ላይ ቀረሁ። የሐኪሟ ድምፅ ይሰማኛል፤ "አሁን የሚያደነዝዝ መርፌ ነው... አሁን ትንፋሽዎን ያውጡና ይያዙ... አይተንፍሱ..." ከዚያ እንደ እስክሪብቶ ጠቅ የሚል ድምፅ መጣ፤ ቀጥሎም "አለቀ፣ ይተንፍሱ።" እኔም በሩ ላይ ሆኜ ትንፋሼን ይዤ ኖሮ ያኔ ለቀቅኩ።

ነገሩ ግን አላለቀም፤ አባቴ ያ ቁራጭ እሳቸው ሳያዩት አይሄድም አሉ። በቀኝ ጎናቸው ተኝተው መነሳት ተከልክለው ሳለ "የተወሰደብኝ እኔ ነኝ፤ ላየው ይገባል" ብለው ሙግት ገጠሙ። ሐኪሟ ሳቀችና ትንሿን ጠርሙስ አምጥታ ያዘችላቸው። በውሃ መሳዩ መድኃኒት ውስጥ ወደ ቡኒ የሚያደላ ቀጭን ክር ተንሳፍፏል። አባቴ ጠርሙሱን ተቀብለው በመስኮቱ ብርሃን ላይ አነሱት፤ በፋሲካ ሞራውን እንዳነሱት። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ።

"ምን አዩ አባቴ?" አለች ሐኪሟ።

"ሥራሽን አልሠራልሽም" አሉና መለሱላት። ስትወጣ ጠብቀው ግን ወደ እኔ "ብርሃን አያሳልፍም፤ ምንም አይታይም" ብለው በሹክሹክታ ተናዘዙ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት ረጅም ነበር። ነርሷ በየጊዜው እየመጣች ግፊታቸውን ትለካለች፤ እኔም እጽፋለሁ። በመሀሉ ፋሻውን ገለጥ አድርጌ ደም መኖር አለመኖሩን አያለሁ።

"አንቺ ልጅ፣ እንደሚባዘት ሱፍ አትነካኪኝ!"

"ደም ቢኖርስ?"

"ቢኖር እኔ ቀድሜ አውቀው የለ? ሆዱ የእኔ ነው።"

ደም አልነበረም። በማግስቱ ወጣን፤ ውጤቱ ግን ሁለት ሳምንት ገደማ እንደሚቆይ ተነገረን።

እነዚያን ሁለት ሳምንታት በዘመድ ቤት ሆኜ ስለ ጉበት ያገኘሁትን ሁሉ በማንበብ አሳለፍኩ፤ ባነበብኩ ቁጥርም አባቴን በዓይነ ሕሊናዬ በሌላ በሽታ ገደልኳቸው። ሰኞ በካንሰር፣ ማክሰኞ ጉበታቸው ጠባሳ ሆኖ ደርቆ። አባቴ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ኮታቸውን ደርበው ወደ ጓሮ ይወጣሉ፤ "ጸሎቴን ላድርስ" ይላሉ። እኔም ጸሎት በየትኛውም ዓምድ ስለማይገባ አልጻፍኩትም። ዓይናቸው አልነጣም። እንዲያውም ብሷል።

ውጤቱ የመጣ ቀን ሐኪሟ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። "በመጀመሪያ፣ ካንሰር አይደለም" አለች። ከዚያ በኋላ ያለውን ትንሽ ጊዜ አልሰማሁም። ጆሮዬ ሲመለስ "...ጠባሳ ገና አልሠራም፤ ይህ ደግ ነገር ነው። ግን እንዲህ ያለውን ጉዳት ብዙ ጊዜ የምናየው አንድ የሚወሰድ ነገር ጉበቱን ሲመርዘው ነው። ክኒን ሊሆን ይችላል፣ ቅጠል ወይም ሥርም ሊሆን ይችላል። ጉዳቱ የቆመ አይመስልም" እያለች ነበር።

እኔ ደብተሬን ገለጥኩ። "ዶክተር፣ ይቅርታ፣ ስህተት ሊኖር ይችላል። ምንም አልወሰዱም። ይኸው ተጽፏል..."

አባቴ ጭናቸውን መቱ። "አነበበችው!"

ሁለታችንም ዞርን። አባቴ ፊታቸው እንደ ፋሲካ ጠዋት በርቷል። ከኮታቸው የውስጥ ኪስ አንዲት በክር የታሰረች የጨርቅ ከረጢት አወጡና ወረቀቱ ላይ አስቀመጡ። ሐኪሟ ፈታቻት፤ አረንጓዴ ያረጀ ዱቄት ነው።

ነገሩ እንዲህ ኖሯል። ባለፈው ጥምቀት ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏቸው ነበር። ሁዳዴ ሲገባ ስግደቱን እንዴት እችለዋለሁ ብለው ሲጨነቁ፣ ቀየት ከምትባለው ቦታ ወዲያ ያለ አንድ መድኃኒት አዋቂ ይህን ሰጣቸው፤ ጠዋት ጠዋት በማር አንዲት ቁንጥር። ጉልበታቸውም ተሻላቸው፤ ጾሙን ሙሉ ሰገዱ። ዓይናቸው ቢጫ ሲሆን ደግሞ ቁንጥሯን ሁለት አደረጓት፤ ለጉልበት የበጀ ለዓይን አይሰንፍም ብለው።

"ለምን አልነገሩኝም?" አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ ኮሪደሩ ላይ ያለ ሰው ወደ ውስጥ አየ።

"ለአንቺ ብነግርሽ ትጽፊዋለሽ። ከጻፍሽው ታነበዋለች። ከዚያ ምኑን አወቀችው ይባላል? ይኸው አሁን፣ ሳይነገራት አወቀች።" ወደ ሐኪሟ ዞሩ፤ "ጎበዝ ነሽ ልጄ።"

"ያነበቡት ሌላ ሐኪም ናቸው" አለች ሐኪሟ በዝግታ። "እኔ የጻፉትን ነው ያየሁት።"

"እንግዲያ ሰላም በይልኝ።"

ሐኪሟ አልሳቀችም። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "አባቴ፣ የመጀመሪያ ቀን ቢነግሩኝ ኖሮ ይህን ዱቄት አስቁመን ደምዎን እያየን እንጠብቅ ነበር። መርፌው ጭራሹን ላያስፈልግ ይችል ነበር። እነዚህን ሁለት ሳምንታትም ሲጎዱበት ከረሙ።"

"እንዲያ ነው?"

"ሌላ ሁለት ሦስት ወር ቢቀጥሉ ጉበትዎ ላይመለስ ይችል ነበር።"

አባቴ ከረጢቷን አዩ፤ ከዚያ እጃቸውን አዩ። "እኔ አንቺን መፈተኔ ነበር" አሉ፤ ድምፃቸው እንዲያ አንሶ ሰምቼው አላውቅም። "የእኛ ደንብ እንደዚያ ነው።"

ስለ ሞራው የነገርኳት ያኔ ነው። አንገቷን እየነቀነቀች ሰማችኝና ወንበሯን ወደ አባቴ አስጠጋች።

"ደንቡ ልክ ነው" አለቻቸው። "ግን ሞራ የሚነበበው በጉ ካለቀለት በኋላ ነው። ቢደብቁትም፣ ባይነግሩትም፣ ከዚያ ወዲያ የሚጎዳ የለም። እርስዎ ግን በሕይወት አሉ። እኔ የማነበው እንዲተርፉልኝ ነው፤ ስለዚህ ያግዙኝ።"

"ይህስ ገብቶኛል" አሉ አባቴ። ከረጢቷን በጣታቸው ወደ እሷ ገፉ። ከዚያም፣ "ማሩስ?"

"ማሩን ይብሉ።"

እኔስ? በዘመድ ቤት ቁጭ ብዬ ደብተሬን ከመጀመሪያው ጀምሬ አየሁት። "የለም" የሚለው ቃል በሁለት ቦታ ተጽፏል፤ በሁለቱም ቦታ የእኔ ጽሕፈት፣ ቆንጆ ጽሕፈት። ማንም አባቴን ጠይቆ አባቴ የመለሱበት አንድም ቦታ የለም። ጤና መኮንኑ ወደ እሳቸው አይቷል፣ ሐኪሟ ወደ እሳቸው አይታለች፤ ሁለቱንም ቀድሜ ያቋረጥኳቸው እኔ ነኝ። አባቴ ደንባቸውን ለመጠበቅ አንድ ቃል እንኳ መዋሸት አላስፈለጋቸውም። ሙሉውን ውሸት በንጹሕ ልብ የዋሸሁላቸው እኔ ነኝ። ይህን ለአባቴ ስነግራቸው "አይክፋሽ፤ በጥሩ ጽሕፈት ነው የዋሸሽው" አሉኝ።

ለክትትል በሰኔ ተመለስን። ዓይናቸው ነጥቷል፤ ምግብም ጀምረዋል፤ ማሳከኩም ለቋቸዋል። የጉልበታቸው ሕመም ግን እንደ ድሮው ተመለሰባቸው። ሐኪሟ የደሙን ውጤት አይታ ፈገግ አለች፤ ያ ሁሉ ከልክ ያለፈ ነገር ወደ ቦታው ሊመለስ ጥቂት ቀርቶታል።

"አባቴ" አለች፣ "ባለፈው ከተያየን ወዲህ፣ ወይም ከዚያ በፊት፣ ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?"

አፌን ከፈትኩ። አባቴ ክንዴን በእጃቸው መታ መታ አደረጉኝ። "ልጄ፣ አንድ ጊዜ ውጪልን።"

ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጥኩ። በሩ አይገጥምም፤ ቃሉ አይለይም እንጂ ድምፁ ይሰማል። የአባቴ ድምፅ ረጅም ጊዜ ብቻውን ሄደ። መሀል ላይ ሐኪሟ አንድ ነገር ጠየቀች፤ አባቴ መለሱ። ከዚያ ሐኪሟ ሳቀች፤ ከልቧ፣ ሐኪም በሥራ ሰዓት የማይስቀውን ሳቅ። እዚያ ወንበር ላይ ስጠብቅ ሰው እየመጣ ተራዬ መሆኑን ይጠይቀኛል፤ "ተራው የአባቴ ነው" እላለሁ።

ሲወጡ ሐኪሟ በበሩ ላይ አቆመችኝ። "ሌላ የሚወስዱት ሦስት ነገሮች ናቸው" አለችኝ። "የሚያሳስበኝ አንዱ ብቻ ነው፤ እሱንም ትቻለሁ ብለውኛል። አይጨነቁ።"

"ሦስት?"

"ከእሳቸው ይስሙት፤ ለእኔ የነገሩኝ ለሐኪምነቴ ነው።"

አባቴ ቀድመውኝ ደረጃው ጫፍ ላይ ደርሰው ነበር። መውረዱ ጉልበታቸውን ሲያማቸው ቆም ብለው ክንዳቸውን ዘረጉልኝ፤ ያዝኳቸው። አንድ ደረጃ በወረድን ቁጥር አንድ ጊዜ ጠየቅኳቸው። እስከ ታች ድረስ አልነገሩኝም።